ለአራት ዓመት ልጄ የጭላዳ ልብስ እቤት ልሠራ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የሆጤ እናት፣ ግንቦት 26፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን አመሻችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው።

ልጄ በሚያዝያ አራት ዓመት ሞላው። የሚማርበት ኬጂ ሰኔ 21 የዓመቱን መዝጊያ ያከብራልና የእነሱ ክፍል ልጆች የአገራችንን የዱር እንስሳት ሆነው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ዋልያ የደረሰው አለ፣ ቀይ ቀበሮ የደረሳት አለች፤ ለእኔ ልጅ ጭላዳ ደረሰው። መምህሯ ለወላጆች የላከችው ወረቀት ‹‹ልብሱን ቤት ባለው ዕቃ ሥሩ፣ አትግዙ›› ይላል። ደስ ብሎኛል። መግዛት ብፈልግስ የጭላዳ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ከወዴት ይገኛል?

ቤት ያለኝ ይሄ ነው፦ አያቴ ከወረኢሉ ያመጣችልኝ አሮጌ ባና (አንድ ጫፉን ብል በልቶታል)፣ ከሳልባጅ የገዛሁት ቡናማ የልጅ ቱታ፣ ሁለት ሜትር አቡጀዲ፣ ያረጀ ቀይ የሱፍ ሹራብ። የስፌት መኪና የለኝም። እጄ መርፌ ያውቃል፤ ጨርቅ ለክቼ ቀድጄ ግን አላውቅም።

ያሰብኩት ባናውን ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ አድርጌ ልሰፋ፣ ፊቱን ደግሞ ከካርቶን ጭምብል ልሠራለት ነው። ትናንት ባናውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ ሳየው ሁለት ደቂቃ ቆመና ‹‹እማ ይበላኛል›› ብሎ ወረወረው። ልጁ ደግሞ ዕጣው ከደረሰው ጀምሮ ስለ ጭላዳ ነው የሚያወራው፤ ራት ሲበላ እንኳ ጥርሱን እያሳየኝ ነው። እንዲከፋው አልፈልግም። የምታውቁ ምከሩኝ።


መቀስና ጠመኔ፣ ግንቦት 26፣ ከምሽቱ 4:05

የኔ ልጅ፣ እንደምን አመሸሽ። እዚሁ ደሴ 38 ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ አሁን ዓይኔ ደከመና መኪናዋን ለልጄ ሰጥቻታለሁ። የትምህርት ቤት በዓል በመጣ ቁጥር እናቶች ወደ ሱቄ ይመጡ ስለነበር ነገሩን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። አንቺም ከዚያው ጀምሪ። የአራት ዓመት ልጅ ሽንቱ ‹‹ሊመጣ ነው›› አይልም፤ ‹‹መጣ›› ነው የሚለው። አንድ ወጥ ልብስ አልብሰሽ ከኋላ ቆልፈሽ ብትልኪው መምህሯ ያን ሁሉ ልጅ እያሰለፈች የእሱን ቁልፍ ፈትታ አትደርስለትም። ስለዚህ ልብሱ ሁለት ይሁን። ሱሪው ለብቻው፣ በላስቲክ፣ ራሱ ሳብ አድርጎ የሚያወርደው። ላዩ ለብቻው።

መሠረትሽ ያ ቱታ ነው። ባናውን ገላውን ሁሉ አታልብሺው። ባና ለመኝታ የተሠራ ልብስ ነው፤ ልጁ ግን ሊሮጥበት ነው። ጭላዳም ቢሆን ጠጉሩ የሚበዛው ትከሻውና ጀርባው ላይ ነው። ሰው ከሩቅ አይቶ ‹‹ጭላዳ!›› የሚለው በጎፈሩና በደረቱ ቀይ ነው። ሁለቱን ካሳመርሽ ሌላው ተራ ቡናማ ልብስ ቢሆን ማንም አይጠይቅሽም።

ስትለኪው ሹራብ አልብሰሽ ለኪው። በሰኔ ማለቂያ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ጦሳ ጉም ለብሶ ይውላል። ያለ ሹራብ አትልኪውም፤ ያኔ በስስ ልብስ የለካሽው ብብቱ ላይ ይይዘዋል። የትከሻ ስፋት፣ የደረት ዙሪያ፣ ከአንገት እስከ ወገብ፣ የራስ ዙሪያ፤ እነዚህን ጽፈሽ አምጪልኝ።


የሐይቋ፣ ግንቦት 26፣ ከምሽቱ 4:40

አሰላሙ አለይኩም እህቴ፣ አብሽሪ፣ ይደርስልሻል ኢንሻአላህ። እኔ ስለ ጭምብሉ ብቻ ልናገር።

አምና ለሴቷ ልጄ፣ ያኔ ሦስት ዓመት ተኩል ነበረች፣ የድመት ጭምብል ከካርቶን ቆርጬ፣ ዓይኑን በስቼ፣ ላስቲክ አስሬ ሰጠኋት። እቤት ስትጫወትበት ሰነበተች። በበዓሉ ቀን ግን ጓደኞቿ ሁሉ ጭምብል አጥልቀው ስታያቸው ማን ማን እንደሆነ ጠፋባትና ጩኸቷን ለቀቀችው። እኔን ፍለጋ ስትሮጥ ጭምብሉ ጎኗን አላሳያትም፤ ከመድረኩ ደረጃ ወደቀች። አልሐምዱሊላህ የተላጠው ጉልበቷ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በትንሽ ልጅ ፊት ላይ ምንም አላደርግም።

ቆብ አድርጊለት፣ ፊቱን ክፍት ተዪለት። ሲስቅ አንቺ ታዪዋለሽ፣ እሱም አንቺን ከሰው መሃል ያገኝሻል።


ቆቦ በር፣ ግንቦት 27፣ ከጠዋቱ 1:15

ሰላም። የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የእኔ ሐሳብ ስፌቱ ላይ አይደለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

በእኛ ዘንድ ‹‹ዝንጀሮ›› ስድብ ነው። በበዓሉ ቀን ይጨበጨብለታል፤ በማግስቱ የሰፈር ልጆች ‹‹ዝንጀሮው መጣ›› ቢሉትስ? እኔ በልጅነቴ አንድ ቅጽል ስም ወጥቶልኝ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከትሎኛል። ዛሬም ያንን ቃል ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። ብትችዪ መምህሯን አነጋግረሽ ዋልያ አስደርጊው። ካልሆነም ሽርጥ አስታጥቀሽ፣ በትር አስይዘሽ እረኛ ይሁን።


የቦረና ልጅ፣ ግንቦት 27፣ ከቀኑ 7:30

ቆቦ በር ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። እኔ ግን ጭላዳ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝና ልጁ ይሄ ዕጣ ስለደረሰው ደስ ብሎኛል።

የተወለድኩት ቦረና ነው፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከሚባለው፣ እኛ ደንቆሮ ጫካ ከምንለው አጠገብ። ልጅ ሆነን ገብስ እንጠብቅ ነበር። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ሜዳው ይወጣል። ከዚያ ቁጭ ይልና ሣር ይነጫል። በሁለት እጁ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሴት ጎመን እንደምትቀነጥሰው። አጠገቡ ያለው ሲያልቅ ብድግ አይልም፤ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ይሄዳል። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሣር በልቶ የሚያድር እሱ ብቻ ነው። የሚኖረውም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮው፣ ጭላዳው፣ ሦስቱም ከዚህ ምድር ሌላ አገር የላቸውም። ልጁ ከዋልያው አንሶ አልተሰጠውም።

እህቴ፣ ልብሱን ስትሠሪ አንድ ነገር እንዳትሳሳቺ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ጠጉር አይደለም፣ ገላጣ ቆዳ ነው። ስለዚህ ቀዩን ጨርቅ ልሙጥ አድርጊው። ቅርጹ ሁለት ባለ ሦስት ጎን ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ነው፤ አንደኛው አንገቱ ሥር፣ ሌላው ደረቱ ላይ፣ መሃሉ ቀጠን ያለ። የወንዱን ቀይ ነጣ ያለ ጠጉር ይከበዋል። ጅራቱ ጫፉ ላይ እንደ አንበሳ ጅራት ቋጠር ያለ ጠጉር አለው። ወንዱ ጭላዳ ወደ 18 ኪሎ ነው የሚመዝነው፤ ልጅሽም ከዚያ ብዙ አይርቅም መሰለኝ፣ ልክ በልክ ይሆናል።

ከልብሱ በላይ ግን አነጫጩን አስለምጂው። ቁጭ ብሎ ከነጨ፣ በመቀመጫው ከተንፏቀቀ፣ ላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ ጭላዳ አይቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይነሳለታል።


የሆጤ እናት፣ ግንቦት 29፣ ከምሽቱ 2:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ታስቡልኛላችሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ቆቦ በር ወንድሜ፣ የጻፍከው ሌሊቱን ሲያሳስበኝ አደረ። ጠዋት ልጁን ‹‹ልጆች ዝንጀሮ ቢሉህስ?›› ብዬ ጠየቅሁት። ‹‹ዝንጀሮ አይደለሁማ፣ ጭላዳ ነኝ። ሣር ነው የምበላው›› አለኝ። መምህሯ ነግራቸዋለች መሰለኝ። እንግዲህ እሱ እንዲህ ካለ እኔ አልቀይርበትም።

ጋሼ መቀስና ጠመኔ፣ የነገሩኝን ለካሁ። ሹራብ ለብሶ፦ ትከሻ 27 ሴንቲ ሜትር፣ ደረት ዙሪያ 61፣ ከአንገት እስከ ወገብ 26፣ የራስ ዙሪያ 51። ሱሪውን እንዳሉኝ በላስቲክ ብቻ አድርጌዋለሁ፣ ገመዱን ጎትቼ አወጣሁት።

ችግሬ አሁን ባናው ነው። ብል ያልነካውን ክፍል ቀድጄ ለትከሻና ለጀርባ ካባ አደረግሁት፣ ከውስጥ አቡጀዲ ገበር ሰፋሁበት። እንዲያም ሆኖ ጎረቤት ሱቅ ወስጄ ሳስመዝነው 1 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነ። ልጁ 16 ኪሎ ነው። ሳለብሰው ወደ ኋላ ዘመም ይላል፣ አንገቱንም ይበላዋል። ጎፈርም አይመስልም፤ ብርድ ልብስ የደረበ ልጅ ነው የሚመስለው። ሦስት ማታ የደከምኩበት ስለሆነ ከፍቶኛል። ምን ይሻለኛል?


ላስታዬ፣ ግንቦት 30፣ ከቀኑ 6:10

እህት ዓለም፣ እኔ ላሊበላ ነኝ። ባናውን ለአልጋሽ መልሺውና የአሸንድዬን አሠራር ሞክሪ።

ነሐሴ 16 ሲደርስ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩትን ረጅም ሣር ታውቂዋለሽ። የበዓሉም ስም ከሣሩ ነው የመጣው፤ ቆቦዎች ሶለል፣ ዋጎች ሻደይ ይሉታል። እኔ ለትንንሽ ልጆቼ በየዓመቱ አስራለሁ፤ ገና ዳዴ ከሚሉበት ጀምሮ አድርጌላቸዋለሁ። ሣሩን አልሰፋውም። ወገብ የሚዞር ገመድ ግድግዳ ላይ በሁለት ምስማር ወጥሬ፣ ጥቂት ጥቂት ሣር ይዤ መሃሉ ላይ አጥፌ፣ የታጠፈውን በገመዱ ሥር አሳልፌ፣ ሁለቱን ጫፍ በቀለበቱ ውስጥ አውጥቼ ሳብ አደርገዋለሁ። ይጠብቃል። ልጅቷ ስትዘል አይፈታም፣ ሣሩም እየተወዛወዘ ይወርዳል። ጎፈር ማለት እኮ ይኸው ነው፤ አንድ ጫፉ የተያዘ፣ ሌላው የሚወዛወዝ ነገር።

አንቺ በሣሩ ፋንታ የሹራብ ክር ያዢ። አዲስ አትግዢ፣ አሮጌ ቡናማና ጥቁር ሹራብ ተርትሪ። የተተረተረው ክር ይጠማዘዛል፤ አትተኩሺው፣ ለጎፈር መጠማዘዙ ነው የሚያምረው። ርዝመቱ እኩል እንዲሆን 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካርቶን ላይ ክሩን ጠምጥሚና በአንድ ጎኑ በመቀስ ቁረጪው። እያንዳንዱ 50 ይወጣል፤ ታጥፎ ሲታሰር መልሶ 25 ይሆናል። ሦስት ሦስት ክር አንድ ላይ አድርጊ። በገመድ ፋንታ የአቡጀዲ ጥብጣብ ብታደርጊ ልብሱ ላይ ለመስፋት ይመቻል፤ ጥብጣቡን በየግማሽ ሴንቲ ሜትሩ በወፍራም መርፌ ብሺና ክሩን በኪሮሽ ጎትቺው።

ከማታ ቡና ጋር የሚሠራ ሥራ ነው። ሰው ካለሽ ቁረጡልኝ በያቸው።


መቀስና ጠመኔ፣ ግንቦት 30፣ ከምሽቱ 1:30

ላስታዬ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ በጨርቅ ብቻ ነበር የማስበው።

የኔ ልጅ፣ የጥብጣቡን አሰፋፍ እኔ ልንገርሽ። የሣር ቤት ሲከደን አይተሻል? ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ላይኛው የታችኛውን ሥር እየሸፈነ ይሄዳል። የእረኛ ገሳም እንዲሁ ነው። ከላይ ከጀመርሽ የሠራሽው እየወረደ እጅሽ ላይ ይመጣብሻል፣ ስፌቱም ይታያል። ከአቡጀዲ ትከሻና ጀርባ የሚሸፍን ትንሽ ካባ ቅደጂ፣ ወርዱ ከትከሻው ልክ አምስት ሴንቲ ሜትር ይለፍ። የመጀመሪያውን ጥብጣብ ከካባው የታች ጠርዝ ስድስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ስፊ። ሁለተኛውን ከእሱ አራት ሴንቲ ሜትር በላይ። አምስት ረድፍ ይበቃሻል። የላይኞቹን ሁለት ረድፎች ክር አሳጥሪው፣ አለበለዚያ አፉ ውስጥ ይገባል።

ቆቡን ከካባው ጋር አትስፊው። ሲሞቀው ራሱን ብቻ ያውልቅ።


ቦሩ ሜዳ፣ ሰኔ 1፣ ከጠዋቱ 3:00

እንዴት ያለ ሸጋ ምክር ነው የማነበው። እኔ አያት ነኝ፣ ስለ ስፌቱ አልጨምርም። ፊቱ ክፍት ከሆነ ግን የጭላዳ ፊት ጥቁር ነውና ዓይኑን በኩል ኩዪው፣ ጉንጩንና አፍንጫውን በድስት ጥላሸት በቅቤ ለውሰሽ ቀቢው። እኛ ስንጫወት እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ በሳሙናና በውሃ ይለቃል።


ነጭ ጋውን፣ ሰኔ 1፣ ከቀኑ 9:25

እናቴ ቦሩ ሜዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ ላይ እንለያይ። ወልዲያ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ከሕፃናት ጋር ነው።

ገበያ ላይ የሚሸጥ ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይገኝበታል። ልጅ ዓይኑን ያሻል፣ ያንኑ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እርሳስ የልጅን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ‹‹ጉዳት የለውም›› ብሎ የሚያስቀምጠው ምንም መጠን የለም። ሲገባ ምልክት ስለማያሳይ ነው የምንሳሳተው። ጥላሸቱም ዓይኑን ያቆስለዋል። እናቶቻችን ያደረጉት በፍቅር ነው፣ እኔም ተኩዬ ነው ያደግሁት፤ ለልጄ ግን አላደርገውም።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልጨምር። አንገት ላይ የሚታሰር ክር ወይም ገመድ በጭራሽ አይኑር። ሌላ ልጅ ከኋላ ሲጎትተው ወይም በር እጀታ ላይ ሲያዝ አንገቱን ያንቀዋል። ካባው ሲጎተት በቀላሉ የሚላቀቅ ነገር ይሁን። ሁለተኛው እሳት ነው። በእነዚህ በዓላት ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይጨሳል፣ ሻማ ይበራል። የሱፍ ክር ቶሎ አይቀጣጠልም፣ እሳቱ ሲርቅም ይጠፋል። ናይለንና ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። በዚህ የተቃጠለ ልጅ አክሜያለሁና ነው እንዲህ የማጠብቀው። ክሩን ከመቁረጥሽ በፊት ጥቂቱን ብረት ድስት ላይ አድርገሽ በክብሪት ለኩሺው። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተና ሲነካ የሚፈርስ አመድ ከሆነ ሱፍ ነው። ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆኖ ከቀረ ፕላስቲክ ነው፣ ተዪው።


ቦሩ ሜዳ፣ ሰኔ 1፣ ከምሽቱ 12:40

ተባረኪ ልጄ። ይሄን አላውቅም ነበር። ለልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ኩዬላት ነበር፤ ዛሬውኑ ብልቃጡን አስወግደዋለሁ።


የሐይቋ፣ ሰኔ 2፣ ከጠዋቱ 2:10

ክር ካነሰሽ እኔ ጋ ሁለት ጥቁር ሹራብ አለ። ከሐይቅ ደሴ ቅርብ ነው፣ ሰኞ ለገበያ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ።


ጠመኔ በእጄ፣ ሰኔ 3፣ ከምሽቱ 2:00

ኮምቦልቻ የኬጂ መምህርት ነኝ። የወላጆች ልብስ ምን ያህል እንደተደከመበት እናውቃለን፤ ስለዚህ ልጁ መድረክ ላይ ‹‹አልለብስም›› ሲል እኛም አብረን ነው የምናዝነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ልጁ ልብሱን ሙሉውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በዚያው ቀን መሆኑ ነው።

እስኪያልቅ አትጠብቂ። ዛሬ ቆቡን ብቻ አድርጎ ካርቱን ይይ። ነገ ጅራቱን ብቻ አድርጎ ግቢ ውስጥ ይሩጥ። ካባው ሲደርስ አምስት ደቂቃ፣ በማግስቱ አሥር ደቂቃ። የሚያስቸግረውን ራሱ ይነግርሻል፤ ጊዜ እያለሽ ታስተካክያለሽ። ክሩን ሲቆርጥም ሆነ ቀለሙን ሲመርጥ እጁ ይግባበት።

ቆቡ ጆሮውን አይድፈነው። ዘፈኑን ካልሰማ ከጓደኞቹ ኋላ ይቀራል፣ ስሙን ስንጠራውም አይሰማም። ጆሮው ላይ ስስ አቡጀዲ ብቻ ይሁን።


የሆጤ እናት፣ ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 3:35

የት ደረስሽ ላላችሁኝ፣ ይኸውላችሁ።

ክሩን በክብሪት ፈተንኩት። ከሦስቱ የራሴ ሹራቦች ሁለቱ ሱፍ፣ አንዱ ፕላስቲክ ሆነ። ያ ያመረው ቡናማ ነው ፕላስቲክ የሆነው! ለየሁት። የሐይቋ እህቴ ሰኞ ገበያ ድረስ ሹራቦቹን አመጣችልኝ፤ ቤቴ ገብታ ቡና ጠጣን፣ ሁለት ረድፍ አብራኝ አሰረች። ክሩን የቆረጠው ልጁ ነው፣ በትንሿ ድፍን አፍ መቀስ፣ እየቆጠረ። ከሃያ በላይ አይቆጥርምና እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ካባው አምስት ረድፍ ሆኖ አለቀ፤ 600 ግራም። ለአንገቱ ክር አላደረግሁም። ከተጣለ የልጅ ጫማ ላይ ቬልክሮውን ፈትቼ ግራና ቀኝ ትከሻው ላይ ከቱታው ጋር አያያዝኩት። ሳብ ሲያደርጉት ቸር ብሎ ይለቃል። ጅራቱ የአባቱ ረጅም ካልሲ ነው፤ ውስጡን ከባናው ብል የበላውን ቆራርጬ ሞላሁት፣ ጫፉ ላይ እንደ ጎፈሩ ክር አሰርኩበት። እሱም በቬልክሮ ነው። መሬት እንዳይነካ ከተረከዙ አራት ጣት ከፍ አድርጌዋለሁ።

ቀዩ ነው ያስቸገረኝ። ሹራቡን በቅርጹ ስቆርጠው ጠርዙ መተርተር ጀመረ፤ ገልብጬ ብሰፋው ወፈረ። አያቴን ደውዬ ብጠይቃት ‹‹ሱፍ አይደለም እንዴ? በሙቅ ውሃና በሳሙና እሺው፣ ይያያዛል›› አለችኝ። እውነቷን ነው። የቀረውን እጅጌ በሙቅ ውሃ ደጋግሜ ሳሸው ተሰብስቦ እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ጠበቀ። ከዚያ ስቆርጠው አንድ ክር አልወጣም። አሁን ደረቱ ላይ ልሙጥ ሆኖ ተለጥፏል፣ ዙሪያውን በነጭ ክር ከበብኩት። የቦረና ልጅ ወንድሜ፣ ፎቶውን አይተህ ፍረድ።


የቦረና ልጅ፣ ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 4:15

አየሁት። ጎፈሩን ሳየው ገብስ ጥበቃው ትዝ አለኝ። አንድ ነገር ብቻ፤ ቀዩን ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጊው። አሁን ያለው ሆዱ ላይ ነው፣ የላይኛው ጫፍ ጉሮሮው ሥር መድረስ አለበት። ሲቀመጥ እንዲታይ ነው፤ ጭላዳ ቀኑን የሚውለው ተቀምጦ ነውና።


የሆጤ እናት፣ ሰኔ 22፣ ከቀኑ 5:00

ትናንት ሆነ።

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ስለነበር ሜዳው ቀረና አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። እኔ ያሰብኩት ‹‹ሣር የለም፣ እንግዲህ ምን ሊነጭ ነው?›› ብዬ ነበር። ስንገባ መምህራኑ መድረኩን ቄጠማ ጎዝጉዘውበታል። ልጄ ገና ሲያየው ዓይኑ በራ። ሌሎቹ ቆመው ሲዘፍኑ እሱ ዘፈኑን ትቶ ቁጭ አለና በሁለት እጁ ቄጠማውን መንጨት ጀመረ። ቶሎ ቶሎ፣ ልክ እንደተባለው። በመቀመጫው ተንፏቀቀ። ዋልያ የሆነው ልጅ ጅራቱን ረገጠበት፣ ጅራቱ ተላቀቀና እዚያው ቀረ፤ እሱ ዞሮም አላየውም። መድረኩ ጫፍ ሲደርስ እኔን አየኝና ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። አያቴ ከወረኢሉ መጥታ አጠገቤ ነበረች፤ ተነስታ እልል አለች፣ አዳራሹ ተከተላት። እኔ አለቀስኩ።

ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዷል። ሁለቱንም ጊዜ ሱሪውን ራሱ አወረደ። ጋሼ መቀስና ጠመኔ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።


መቀስና ጠመኔ፣ ሰኔ 22፣ ከቀኑ 8:20

እሰይ የኔ ልጅ። ልብሱን ከማስቀመጥሽ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርገሽ ጥላ ውስጥ ጠፍጣፋ ላይ አድርቂው፣ አትስቀዪው፤ ክሩ ይረዝማል። በደንብ ሳይደርቅ አታጥፊው። አሮጌው ባና ካለበት ሣጥን አታግቢው፣ ብሉ ይሻገራል።


ቆቦ በር፣ ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 1:45

እህቴ፣ እንኳን ምክሬን አልሰማሽ። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ልጄም አጠገባችን ነበረች፣ አምስት ዓመቷ ነው። አሁን ‹‹እኔም›› እያለች ነው፣ ቀይ ቀበሮ መሆን ነው የምትፈልገው። ቀለሙ ምን ምን ነው? እኔ መርፌ አልያዝኩም፣ እማራለሁ።


የቦረና ልጅ፣ ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 2:05

ጀርባውና ጎኑ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ጉሮሮውና ደረቱ ሥር ነጭ፣ እግሩ ቀጭንና ረጅም፣ ጆሮው ሾጣጣ። ጅራቱ ጠጉራም ነው፣ ጫፉ ጥቁር። አካሄዱን አሳያት፤ አይጥ ሲያድን ሆዱን መሬት አስነክቶ ቀስ እያለ ነው የሚጠጋው።


የሆጤ እናት፣ ሰኔ 22፣ ከምሽቱ 2:30

ጥቁር ክር ተርፎኛል፣ ለጅራቱ ጫፍ ይበቃል። ቆቦ የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክልሃለሁ። ጅራቱን እንዳትሰፋው፣ በቬልክሮ አድርገው።